አሮጌው የአደን ዕቃ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

የበልግ ገብስ ዛላው መንጣት ሲጀምር በመንዝ ደጋ ላይ ከውርጭና ከበረዶ ሌላ አንድ ተጨማሪ ሥጋት ይመጣል። ሌሊቱን በገደል ላይ ያደረው የጭላዳ መንጋ ፀሐይ ሞቅ ስትል ወደ ሜዳው ይወጣል። ሣሩን እየነጨ ቆይቶ ማሳው ጠባቂ የሌለው መሆኑን ያየ እንደሆነ ወደ ገብሱ ይዘልቃል። ጠባቂው ይህን ጊዜ ወንጭፉን አንሥቶ ድንጋይ ያጎርሳል፤ ከራሱ በላይ አሽከርክሮም ይለቃል። የወንጭፉ ዐይን ከጣቱ ላይ በሽክርክሪቱ መካከል የተበጠሰ እንደሆነ ግን ድንጋዩ ወደ መንጋው መሄዱ ቀርቶ ከጎን ወደቆመው እረኛ ወይም ወደ ላሟ ይወረወራል። መንጋውም ገብሱን ይበላል።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ የተበጠሰውን ወንጭፍ የሚያገላብጥ ገበሬ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቋጥሬው ልደር ወይስ አዲስ ልጎንጉን? ጦሩ የተሰነጠቀበት፣ የአባቱ ጠመንጃ ሰደፍ የላላበት፣ ወጥመዱ የዛገበትም ገበሬ ይህንኑ ይጠይቃል። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በአንድ ገበሬ ማኅበር ክልል ውስጥ ያለው ሁሉ ሲደመር የብዙ ማሳ ሰብልን፣ የሰው ዐይንና እጅን የሚነካ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። በመሆኑም ጉዳዩ ለየቤቱ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የማኅበሩ መሪዎች ሊነጋገሩበት የሚገባ ነው።

በቅድሚያ ግን ዕቃው ዛሬ ምን ሥራ እንዳለው መጠየቅ ያስፈልጋል። በአባቶች ዘመን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ አደን የጉብዝና መለኪያ ነበር። ዛሬ በ1999 ዓ.ም. በወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን የተከለከለ ነው። ጦሩ፣ ወንጭፉና ጠመንጃው ግን ከየቤቱ ግድግዳ አልወረዱም። ሥራቸው ተለውጦ ሰብልና ከብት መጠበቂያ ሆነዋል። ለአደን የተሠራ ዕቃ ለጥበቃ ሲውል ሊጠየቅ የሚገባውም ነገር ይለወጣል። አዳኙ አውሬው እንዲወድቅለት ይፈልግ ነበር፤ ጠባቂው የሚፈልገው እንዲሸሽለት ነው። ለማባረር የሚበቃውን ዕቃ ለመግደል እንደሚበቃ አድርጎ ለመጠገን መድከም የገንዘብም የጉልበትም ብክነት ነው።

ይህ ከታወቀ በኋላ የጥገናው ጉዳይ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። በማንኛውም ዕቃ ላይ ኃይሉን የሚሸከም ክፍል አለ፤ የሚይዝ ወይም የሚደግፍ ክፍልም አለ። የሚደግፈው ክፍል ሲጎዳ ይጠገናል። ኃይሉን የሚሸከመው ክፍል ሲጎዳ ግን ያ ክፍል ይለወጣል እንጂ በመጠጋገን አይታለፍም። ብዙ ጊዜ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ገበሬው መልኩ ያረጀውን ደህና ዕቃ ይጥላል፤ መልኩ ያላረጀውን አደገኛ ዕቃ ቋጥሮ ይይዛል።

ከወንጭፍ እንጀምር። የመንዝ በግ ጠጉሩ ሻካራና ረጅም በመሆኑ ከባና ሥራ የተረፈው ለገመድም ይሆናል። ሌላው ከቃጫ ወይም ከጠፍር ይጎነጉናል። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገሳና ለማሰሪያ ገመድ የታወቀ ነው፤ ለወንጭፍ ግን አይመከርም፤ ደርቆ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይሰባበራልና። ወንጭፍ የሚጎዳው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ጣት የሚገባበት ዐይን፣ ሁለተኛው ገመዱ ከድንጋይ ማቀፊያው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ፣ ሦስተኛው ጠባቂው የሚለቀው የገመድ ጫፍ ነው።

የሚለቀው ጫፍ ቢተለተል ቋጠሮ ይበቃዋል። ክብደት አይሸከምም፤ ከእጅ ያመልጣል እንጂ። ዐይኑና ጠርዙ ግን የድንጋዩን ጉተታ በሙሉ የሚሸከሙ ናቸው። እዚህ ላይ ቋጠሮ ማሠር ሁለት ጉዳት አለው። ቋጠሮው ባለበት ገመዱ በጠባብ ታጥፎ ስለሚያዝ ቀጥሎ የሚበጠሰው ከዚያው አጠገብ ነው። ከዚህም ሌላ ቋጠሮ የአንዱን ወገን ገመድ ያሳጥረዋል። ሁለቱ ገመዶች እኩል ካልሆኑ ማቀፊያው ይጋደላል፤ ድንጋዩም ጠባቂው ባላሰበው አቅጣጫ ይወጣል። በሰላም ቀን ዒላማ የማይስት ሰው ወንጭፉን ከቋጠረ በኋላ ድንጋዩ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲሄድበት እጁን ይወቅሳል። ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን የቋጠሮው ነው። ስለዚህ ዐይኑ የተበጠሰ ወንጭፍ ያን ወገን ገመድ ከማቀፊያው ፈትቶ በሙሉ እንደገና መጎንጎን አለበት፤ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ማቀፊያው የቆዳ ሆኖ ጠርዙ የተቀደደ እንደሆነ ቆዳው ይለወጣል፤ ገመዱ ደህና ከሆነ ይቀራል። የጠጉር ገመድ ዝናብ መትቶት ሳይደርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ከውስጥ ይበሰብሳልና ከላይ ደህና መስሎ መታየቱ አያታልል። ሁለት እጅ ይዞ መጠምዘዝና ክሩ ሲላላ ውስጡን ማየት፤ ብናኝ ከወጣው ጊዜው አልፏል።

ጅራፍም ከወንጭፍ ያላነሰ ሥራ አለው። ወፍና ጭላዳን የሚያስበረግገው ድምፁ ነው። የሚጮኸው ቀጭኑ ጫፉ በመሆኑ ጫፉ በየሳምንቱ ቢለወጥ የሚያስደንቅ አይደለም። ስለ ጅራፍ ከዚህ በላይ ለመንዝ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ጦር ሁለት አካል ነው፤ ብረቱና ሶማያው። ሶማያ ቢሰነጠቅ አይጠገንም። ሽቦ ጠምጥሞ ወይም ጠፍር አስሮ የሚይዝ ሰው አለ፤ ይህ ለከብት መንጃ ዱላ ይሆን እንደሆነ እንጂ በሌሊት ጅብ በበረት በር ላይ ለሚመጣበት ሰው አይሆንም። እንጨት ርካሽ ነው። ቀጥ ያለ የወይራ ቅርንጫፍ ተልጦ ከምድጃ በላይ ጢስ እየጠጣ ለወራት ቢሰቀል፣ አልፎ አልፎም ቅቤ ቢቀባ ሳይጣመም ይደርቃል። አርቆ የሚያስብ ገበሬ ሁልጊዜ አንድ ሶማያ ከጣራው ሥር አያጣም።

ብረቱ ሌላ ነው። የዶለዶመ ይሳላል። የታጠፈ ግሎ ይቃናል። ሶማያው የሚገባበት አፍ የተከፈተ እንደሆነ ቀጥቃጩ አግሎ ይዘጋዋል። አንገቱ ላይ የተሰነጠቀ ብረት ግን ከአዲስ ብረት ጋር መወዳደር አይችልም። ስንጥቁ በዐይን አይታይ ይሆናል፤ በክር አንጠልጥሎ በትንሽ ብረት መታ ማድረግ ነው። ደህናው ብረት ጥርት ያለ ረጅም ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ቀጥቃጮች ይህን ከአባቶቻቸው የወረሱት ነው፤ ለማረሻ፣ ለምሳርና ለዶማም ያገለግላል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ልማድ መጥቷል። የተሰበረ ዕቃ ሁሉ ወደ ከተማ ብየዳ ቤት ይወሰዳል። ለተራ ብረት ብየዳ ጥሩ ነው። ነገር ግን ዛሬ በገጠር የሚሠራው የስለት ዕቃ አብዛኛው ከመኪና ባሌስትራ የወጣ ነው። ባሌስትራ ጠንካራ ብረት ሲሆን በብየዳ እሳት ግሎ ድንገት ሲቀዘቅዝ ከብየዳው ጎን ያለው ክፍል እንደ ጠርሙስ ተሰባሪ ይሆናል። ብየዳው ራሱ ሳይነካ ከጎኑ ሲሰበር ገበሬው በያጁን ይከሳል። በያጁ ብረቱን ቀስ አድርጎ ካላሞቀና በዓመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ካላደረገ ይህ መድረሱ አይቀርም። ከዚህ ይልቅ ቀጥቃጩ በከሰልና በወናፍ አግሎ አሳጥሮ ቢሠራው ይሻላል። ብረቱ አንድ ጣት ቢያጥርም ሥራውን ይሠራል።

እዚህ ላይ ስለ ቀጥቃጩ አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ አይገባም። በአገራችን ደጋ ብረት የሚሠራ ሰው ለብዙ ዘመን ሲናቅ፣ ቡዳ ነው ሲባልና ከጋብቻ ሲገለል ኖሯል። ማረሻውን ለሠራለት ሰው በሩን የሚዘጋ ገበሬ ነበር፤ አሁንም የለም ማለት አይቻልም። የዚህ ልማድ ውጤት ከሥነ ምግባሩ ሌላ በኪስም ይታያል። የቀጥቃጩ ልጅ ሙያውን ትቶ ከተማ ይገባል፤ ገበሬውም አንዲት የተከፈተች የጦር አፍ ለማዘጋት የግማሽ ቀን መንገድ ይሄዳል። በክልሉ ቀጥቃጭ ያለው ማኅበር ሀብት እንዳለው ቆጥሮ ሊይዘው ይገባል።

ከሁሉም የሚከብደው የጠመንጃው ጉዳይ ነው። የመንዝ ሰው ጠመንጃን የሚያየው እንደ ዕቃ ብቻ አይደለም። ውጅግራ የሚባለው ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዩ የ«ግራ» ጠመንጃ ነው። እርሱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 ለፈረንሳይ ጦር የተመረጠ፣ አፉ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ መሣሪያ ነው። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ዘመን በአገራችን በሰፊው ይታወቅ ነበር። እንዲህ ያለውን የአያት ንብረት «አልቋል» ብሎ መናገር ለልጅ ይከብዳል። የሚደርሰውም አደጋ ከዚህ ይመነጫል። ክብሩ ስላላረጀ ብረቱም ያላረጀ ይመስላል።

ሰደፉ የተሰነጠቀ ጠመንጃ ይጠገናል። ሰደፍ የሚደግፍ ክፍል ነው። እርጥብ የበሬ ቆዳ አጥብቆ ጠቅልሎ ሲደርቅ እንዲይዘው ማድረግ የቆየ ዘዴ ሲሆን እስከ ዛሬም ይሠራል፤ ደህና አናጢ ከተገኘም አዲስ ሰደፍ ይጠርባል። ማንገቻውና አነጣጣሪውም እንደዚሁ ናቸው። ቃታውና አፈሙዝ ድረስ ያለው ቱቦ ግን የፍንዳታውን ኃይል የሚሸከሙ ናቸው። ቱቦው ውስጡ በዝገት የተቦረቦረ፣ ከውጭ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ እንደሆነ፣ ቃታው ሲዘጋ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የሚደረግለት ጥገና የለም። ቀጥቃጭ አግሎ ሊያቃናው ቢሞክር የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ የሚፈነዳውም ከተኳሹ ጉንጭ አጠገብ ነው። የሌላ ጠመንጃ ቃታ አምጥቶ መግጠምም መፍትሔ አይደለም። ገባ ማለት ገጠመ ማለት አይደለምና፤ በቃታውና በጥይቱ ቂጥ መካከል የቀረች ጥቂት ክፍተት ቀለሁን ትቀድና እሳቱን ወደ ኋላ ታመጣለች። ለጥቁር ባሩድ በተሠራ አሮጌ መሣሪያ የዛሬውን ኃይለኛ ባሩድ መጠቀምም እንዲሁ ሞትን መጥራት ነው።

እንዲህ ያለው ጠመንጃ ይለወጥ ማለት ግን ሌላ ይገዛ ማለት አይደለም። ጠመንጃ መያዝ በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። ለሰብል ጥበቃ ደግሞ ጠመንጃ አስፈላጊ አይደለም። ጭላዳን ተኩሶ መግደል ወንጀል ነው፤ ወደ ሰማይ የተተኮሰችም ጥይት አንድ ቦታ መውደቋ አይቀርም። ያረጀውን መሣሪያ የያዘ ገበሬ ጉዳዩን ለወረዳው ፖሊስ አመልክቶ በሕጉ መሠረት እንዲፈጸምለት ማድረግ አለበት። የማኅበሩ መሪ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ብቻውን የማይደፍረውን ውሳኔ ሽማግሌዎች አብረውት ቢወስኑ አያፍርም።

ቀጥሎ የሚመጣው ዕቃ ሊጠገንም ሊለወጥም የማይገባው ነው። ይኸውም የሽቦ ወጥመድ ነው። የሽቦ ማነቆ ማንን እንደሚይዝ አይመርጥም። ለቀበሮ የተጠመደው የጎረቤትን ውሻ፣ ጠቦትንና ቀይ ቀበሮን ይይዛል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማይገኝ፣ በጠቅላላው ከ500 እንደማይበልጥ የሚገመት አውሬ ሲሆን ከቀሩት ጥቂት መኖሪያዎቹ አንዱ የመንዝ ጓሳ ነው። ዋና ምግቡ አይጥ ነው። በቀን ሜዳ ለሜዳ እየዞረ የሚለቅመው ይህንኑ የገበሬውን ጠላት ነው። ሽቦው ሲዛግና ሲበጠስ ገበሬው አዲስ ገዝቶ ከመተካት ይልቅ ጥቅሉን ለአጥር ማሠሪያ ቢያውለው ሁለት ጊዜ ያተርፋል።

ጓሳ የመንዝ ሰው ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ መሬት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር የሚበልጠው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ ሜዳ የአስቦና የጌራ ዘሮች በተስማሙበት ሕግ ለዓመታት ተዘግቶ ሣሩ ሲደርስ ይከፈት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የቄሮው ሥርዓት ቀረ። ጥበቃውም በገበሬ ማኅበራቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። የወደቀው በቀላሉ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ጓሳው መጎዳቱን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ። ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ በአካባቢው ነዋሪዎች ኮሚቴ ይጠበቃል። እንግዲህ ሣሩን ለመጠበቅ ሕግ ያወጣ ሕዝብ ወጥመዱን በተመለከተ ስምምነት ላይ መድረስ አያቅተውም።

ውሻንም ከአደን ዕቃ መቁጠር ይገባል፤ ድሮም ያለ ውሻ አደን አልነበረም። ውሻ ግን አይጠገንም፤ ይከተባል። በባሌ በ1996 ዓ.ም. ገደማ ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮ ጨርሷል። በሽታው ሰውንም የሚገድል መሆኑ የታወቀ ነው። የወረዳው የእንስሳት ሕክምና ሠራተኛ ክትባት ይዞ ሲመጣ ውሻን አስሮ ማቅረብ የመሪው ቅስቀሳ ይጠይቃል።

ወደ መርሐ ቤቴ ቆላ፣ ወደ ጀማና ወደ ወንጭት ሸለቆ ሲወረድ ጠላቱ ይለወጣል። ማሽላውን ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት ይመጡበታል። ጠባቂው በማማ ላይ ያድራል። በዚያ አካባቢ ወንጭፍ በጨለማ ብዙ አያገለግልም፤ ቆርቆሮና ባትሪ ይበልጣሉ። ስለ ጃርት የሚነገረው፣ እሾኹን እንደ ፍላጻ ይወረውራል የሚለው እውነት አይደለም። ጃርት ጀርባውን አዙሮ ወደ ኋላ ሮጦ ይወጋል፤ እሾኹም በቀላሉ ስለሚነቀል ውሻው አፍንጫ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከጃርት ጋር በጦር መታገል ለጠባቂውም ለውሻውም ትርፍ የለውም። ጃርት ከሥር ቆፍሮ የሚገባ አውሬ በመሆኑ የድንጋይ አጥሩ መሠረት ክንድ ያህል ተቆፍሮ ቢሠራ ይሻላል። ከርከሮም አጥርን ከሥሩ በአፍንጫው ያነሣል። በዚህ ቦታ ገንዘብና ጉልበት ለአጥር ይውል፤ ለአሮጌ ጦር ጥገና አይውል። አውሬው ከአቅም በላይ ሲሆን ደግሞ ማኅበሩ በአንድነት ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያመልክት። አንድ ገበሬ ብቻውን ከሚጮኸው የማኅበር ማመልከቻ ይሰማል።

በማኅበር ደረጃ ሊደረግ የሚችለው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከሰብል ጥበቃ በፊት አንድ ቀን ተወስኖ ቀጥቃጩና አናጢው በአንድ ቦታ ይቀመጡ፤ ከሰሉን ማኅበሩ ያቅርብ፤ ገበሬው ጦሩን፣ ወንጭፉን፣ ምሳሩንና ማረሻውን ይዞ ይምጣ። ስንጥቁ በድምፅ ይፈተሽ፤ ዐይኑ የላላ ወንጭፍ እዚያው ይፈታ። ባሌስትራ በጋራ ቢገዛ ለየብቻ ከሚገዛው ይረክሳል። የጥበቃ ተራም በዚያው ቀን ይደልደል። ብቻዋን ያለች ባልቴት፣ ልጆቿ ትምህርት ቤት የዋሉባት እናት ማሳዋ ከጎረቤቱ ጋር አብሮ እንዲጠበቅ ያስፈልጋል። መንጋው ከጠባቂ ወዳጣ ማሳ ዞሮ ይገባልና፣ የእርሷ ማሳ ክፍት ከሆነ የሌላውም የተዘጋ አይደለም።

ለደጋው የበልግ ገብስ ይህ ሥራ ከግንቦት መጨረሻ በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። ሰኔ ከገባ ቆዳው ሳይደርቅ ይቆያል፤ ከሰሉም እርጥበት ይጠጣል። ለመርሐ ቤቴ ማሽላ መስከረም አጋማሽ ይበቃል።